የጎልፍ ኮርስ ምስሎቼ ተደበላልቀውብኛል፤ እናንተ እንዴት ነው የምትይዟቸው?

ቀሐ_ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት፤ እንዴት ሰነበታችሁ።

ስምንት ወር የለፋሁበት የኮምፒውተር ጎልፍ ኮርስ አለኝ። 18 ቀዳዳ ነው። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ሲወጣ ያለውን ሸንተረር እያየሁ የሠራሁት ነው፤ ልጅ ሆነን ገና በደረሰ ቁጥር ሩር ስንለጋ ያደግንበት መስክ 4ኛው ቀዳዳ ላይ እንዳለ ገብቷል። የመሬቱ ቅርጽ አልቋል፣ ባንከሮቹም (የአሸዋ ጉድጓዶቹ) ግሪኖቹም (ቀዳዳው ያለባቸው ለስላሳ ሣሮች) ቦታቸውን ይዘዋል። የያዘኝ የምስሎቹ ነገር ነው።

የሣሩን፣ የአፈሩን፣ የድንጋዩን፣ የዛፉን ፎቶ አብዛኛውን እዚሁ አገር ነው ያነሳሁት። ሐምሌ ላይ አነሳሁ፤ መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ አነሳሁ፤ ጥር ላይ ሣሩ ወርቅ ሲመስል ደግሜ አነሳሁ። ጓደኞቼ በቴሌግራም የላኩልኝም አለ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩትም አለ። አሁን ሲቆጠር ከ3,000 በላይ ምስል ሆኗል። ከፊሉ ዴስክቶፕ ላይ፣ ከፊሉ ፍላሽ ላይ፣ ቀሪው ዩኒቲ (ኮርሱን የምሠራበት የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም) ፕሮጀክቱ ውስጥ «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የመጨረሻ» በሚሉ ፎልደሮች ተበትኗል።

እሑድ ዕለት ላስተካክለው ብዬ ተነሳሁ። ዩኒቲን ዘግቼ የፕሮጀክቱን ፎልደር በዊንዶውስ ከፈትኩና ምስሎቹን ብቻ በፍለጋ አውጥቼ ሣሩን ለብቻ፣ ዛፉን ለብቻ አዛወርኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። መልሼ ስከፍተው 7ኛው ቀዳዳ ላይ ያሉት ዛፎች በሙሉ ነጭ ሆነዋል። ቅጠል የለ፣ ቅርንጫፍ የለ፤ መሬት ላይ የተሰካ ነጭ ካርቶን ነው የሚታየው። ከ11ኛው ቀዳዳ ወዲያ ያሉት ባንከሮችም እንደዚያው ናቸው።

ሌላም ችግር አለ። ኮርሱ እስኪከፈት ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። የምሠራው 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ነው።

እባካችሁ ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ። የጠፋው ይመለሳል? ከዚህ በኋላስ እንዴት ልያዛቸው?

አዘዞ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

አይዞህ ወንድምዓለም። አምና እኔም ላይ ይኸው ደርሶብኝ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ለጊዜው ምንም አትንካ። የድሮ ቅጂ ካለህ ፈልገህ አዘጋጅ፤ ማራኪ እህታችን ስትገባ ትነግርሃለች።

ማራኪ_ግራፊክስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ቀሐ_ዳር፣ ምስሎችህ አልጠፉም። የጠፋው ማቴሪያሉ፣ ማለት ምስሉን ዛፉ ላይ የሚያለብሰው ቅንብር፣ ከምስሉ ጋር የሚተዋወቅበት ነገር ነው።

የፕሮጀክቱን ፎልደር በዊንዶውስ ስትከፍተው ከእያንዳንዱ ምስል ጎን በዚያው ስም የምትጠራ፣ መጨረሻዋ ሜታ የሆነች ትንሽ ፋይል ታያለህ። ዩኒቲ ምስሉን የሚያውቀው በስሙ አይደለም፣ ባለበት ፎልደርም አይደለም፤ በዚያች ሜታ ውስጥ በተጻፈው መለያ ቁጥር ነው። የዛፉ ማቴሪያል ውስጥ የተመዘገበው ያ ቁጥር ብቻ ነው። አንተ በፍለጋ ምስሎቹን ለይተህ ስትወስድ ሜታዎቹ እዚያው ቀሩ። ዩኒቲ ሲከፈት ባለቤት ያጡትን ሜታዎች ሰርዞ ለምስሎቹ አዲስ ቁጥር ሰጣቸው። ማቴሪያሉ እስካሁን የድሮውን ቁጥር እየጠራ ነው፤ አቤት የሚለው የለም።

ነጭ ካርቶን የሆነብህም ለዚህ ነው። የሩቅ ዛፍ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ምስል ስለሆነ ምስሉ ሲታጣ ሰሌዳው ብቻውን ይቀራል። ደማቅ ሮዝ ቢሆንብህ ኖሮ ችግሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ የተበላሸው ሼደሩ፣ ማለት ቀለምና ብርሃኑን የሚያሰላው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ከእሑድ በፊት የተገለበጠ ቅጂ አለህ?

ቀሐ_ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጥር 20 ፍላሽ ላይ የገለበጥኩት አለ። ከዚያ ወዲህ የጨመርኩት 13ኛውንና 14ኛውን ቀዳዳ ነው።

ማራኪ_ግራፊክስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንግዲያስ ቀላል ነው። የአሁኑን ፕሮጀክት ሳትነካ ሌላ ቦታ ገልብጠህ አስቀምጠው። ከጥር 20ው ቅጂ ሜታ ፋይሎቹን ብቻ አውጣና፣ ዩኒቲ ተዘግቶ ሳለ፣ አሁን ምስሎቹ ወዳሉበት ቦታ አንድ በአንድ መልሳቸው፤ አዲሶቹን ሜታዎች ይተኳቸው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ይገጥማሉ። 13ኛውና 14ኛው ላይ ለጨመርካቸው አዳዲስ ምስሎች ግን ማቴሪያሉን ከፍተህ በእጅህ ማያያዝ ይኖርብሃል።

ከእንግዲህ ምስል ማዛወርም ሆነ ስም መቀየር ስትፈልግ ዩኒቲ ውስጥ፣ በፕሮጀክት መስኮቱ በኩል ብቻ አድርገው። እዚያ ከሆነ ሜታዋ አብራ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍላሽ ላይ ስትገለብጥ «ላይብረሪ» የሚባለውን ፎልደር አትገልብጠው። እሱ ዩኒቲ ለራሱ ሥራ የሚያበጀው ነው፤ ቢሰረዝ ፕሮጀክቱ ሲከፈት እንደገና ይሠራዋል። የሚያስፈልጉህ የአሴቶቹ፣ የፓኬጆቹና የፕሮጀክት ሴቲንጉ ፎልደሮች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ዚፕ ጠቅልለህ ስትገለብጥ «ፋይሉ ትልቅ ነው» እያለ ከመለሰህ ደግሞ ፍላሽህ ፋት 32 ስለሆነ ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ቀሐ_ዳር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እታለም፣ ዕድሜ ይስጥሽ። መብራት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲመጣ ተነስቼ ሠራሁት። 7ኛው ቀዳዳ ላይ ያሉት ጽዶች አንድ በአንድ ቅጠላቸው ሲመለስ እያየሁ ነበር። 13ኛው ላይ የቀሩ ጥቂት ድንጋዮች አሉ፤ ዛሬ አያይዛቸዋለሁ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፣ 3,000ውን ምስል ምን ላድርገው?

የድሮ_ቀያሽ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ልጄ፣ እንኳን ተመለሰልህ። ዕድሜዬን የፈጀሁት መሬት ስለካና ካርታ ሳነሳ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከልጅ ልጆቼ ጋር ኮርስ እሠራለሁ። የምመክርህ ከሙያዬ የመጣ ነው።

ምስል ሦስት ቤት ይኑረው። አንደኛው የጥሬው ቤት ነው፦ ከካሜራ እንደወጣ የተቀመጠ፣ ያልተቆረጠ፣ ያልተነካ። ይህ ፕሮጀክቱ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር። ሁለተኛው የሥራው ቤት ነው፦ የምትቆርጠው፣ ጠርዙን የምታጋጥመው፣ ቀለሙን የምታርመው። ሦስተኛው ያለቀው ነው፤ ዩኒቲ የሚያየው ይህንን ብቻ ነው። አንተ ሦስቱንም አንድ ቤት ውስጥ ስላጎርካቸው ዩኒቲ 3,000ውንም እየተቀበለ ሲያዘጋጅ ነው የሚውለው። ቀያሽ የመስክ መዝገቡን ከተሳለው ካርታ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይከትም፤ ካርታው ላይ ስሕተት ሲገኝ የሚመለሰው ወደ መስክ መዝገቡ ነውና።

ፎቶ ስታነሳ ደግሞ ሜትር መሬት ላይ ዘርጋ። የአናጢም የልብስ ሰፊም ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ ሜትሩ ያለበትን፣ ቀጥሎ ሜትሩን አንስተህ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ሁለተኛውን አንሳ። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳህ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ሣር 2048 በ2048 ነጥብ ባለው ምስል ብታስቀምጠው አንዱ ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የጎልፍ ኳስ ስፋቷ 42.67 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከሥሯ ያለው ሣር 43 ነጥብ ያህል ይደርሳታል፣ ተጫዋቹም ሣሩን ሣር አድርጎ ያየዋል። ልኩን ሳታውቅ ያንኑ ፎቶ ስምንት ሜትር ላይ ብትዘረጋው አንዷ የሣር ቅጠል የኳሷን ግማሽ ልታክል ነው። ሰው ኮርሱን ከፍቶ «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» እያለ ምክንያቱ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ሰዓቱንም ምረጥ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሳ መሬት ጥላው ሁሉ ወደ ምዕራብ ተኝቶ ፎቶው ውስጥ ይቀራል። በጨዋታው ውስጥ ፀሐይዋ ከምዕራብ ስትመጣ ጠጠሩ ላይ ያለው ጥላ ወደ ፀሐይዋ ዞሮ ይታያል፤ ዓይን አይቀበለውም። የሐምሌ ዳመና ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይሻላል።

ወለቃ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ጋሼ የነገሩን ትልቅ ነገር ነው። እኔ ደግሞ የስሙን ጉዳይ ላንሳ፤ እኔን ያሠቃየኝ እሱ ስለሆነ።

ምስሎቼን በአማርኛ ነበር የምሰይመው። «ዓለት» ብዬ ስፈልግ 23 ይወጣል፤ እኔ ግን ያነሳሁት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ፍላሽ ለፍላሽ ስባዝን ዋልኩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ግማሹን የጻፍኩት «አለት» ብዬ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ዐይኑ «ዓ» እና አልፋው «አ» የማይገናኙ ሁለት ፊደላት ናቸው። «ሣር» እና «ሳር»፣ «ጽድ» እና «ፅድ»፣ «ሐረግ» እና «ሀረግ» ሁሉም እንደዚሁ። ሁለት ሰው አንድ ኮርስ ላይ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል፤ እኔ በንጉሡ «ሠ» የምጽፈውን ጓደኛዬ በእሳቱ «ሰ» ይጽፈዋል።

አሁን አንድ የጽሑፍ ፋይል አለኝ፣ «የቃል ዝርዝር» ይባላል። ስም ስሰጥ የምጠቀምባቸው 40 ያህል ቃላት እዚያ አሉ። ከዚያ ውጭ አልጽፍም። አዲስ ቃል ካስፈለገ መጀመሪያ እዚያ ይገባል።

አዘዞ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡48

ለምን በላቲን ፊደል አትጽፉም? እኔ አንድ ኮርስ በአማርኛ ስም ዚፕ አድርጌ ለውጭ አገር ልጅ ልኬለት ሲፈታው ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ነው የወጡለት። አሮጌ የዚፕ ፕሮግራሞች ፊደላችንን አያውቁም።

ወለቃ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ሞክሬዋለሁ ወንድሜ። በላቲን ስጽፍ ደግሞ ዋርካን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አገኘሁት፤ «ጽ»ንማ ምን ብዬ እንደምጽፈው ሁለት ቀን አንድ ዓይነት አልሆነልኝም። ቃሉን ካልወሰንክ ፊደል መቀየሩ ብቻውን አያድንም።

የድሮ_ቀያሽ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ጥሬውን በአማርኛ ነው የምይዘው፤ ሳስታውስ የማስታውሰው በአማርኛ ነውና። ያለቀው ግን ወደ ፕሮጀክቱ ሲገባ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ በትንንሽ ፊደል ብቻ። የወለቃ ዝርዝር ላይ ከአማርኛው ቃል ጎን የላቲኑ አጻጻፍ ይጻፍ፤ አለቀ።

ቁጥሩን 01፣ 02 እያላችሁ ጻፉ። 1፣ 2 ካላችሁ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ 10 ቁጥር ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል። ዓመተ ምሕረትም ስም ውስጥ አታስገቡ፤ ካሜራው 2024 ይላል፣ እጃችሁ 2016 ይጽፋል፣ የአንድ ቀን ፎቶ ስምንት ዓመት ተለያይቶ ይቀመጣል። ከዓመቱ ይልቅ ወቅቱ ይጻፍ፦ ሣር፣ ራፍ፣ በጋ፣ 03 (ራፍ ረጅሙ የዳር ሣር፣ ፌርዌይ አጭሩ የመጫወቻ መሥመር ነው)። ለእኛ አገር የሚጠቅመው ወቅቱ ነው። የነሐሴ ፌርዌይና የየካቲት ራፍ አንድ ቀዳዳ ላይ ተደባልቀው ካያችሁ ያ ኮርስ የት አገር እንደሆነ አይታወቅም።

ማራኪ_ግራፊክስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ስለ ዘጠኝ ደቂቃውና ስለ ራሙ ልመለስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ ቀሐ_ዳርም ትናንት በውስጥ መስመር «ሁሉንም ወደ ጄፔግ ልቀይረው?» ብሎኛል።

አትቀይር። ዲስክ ላይ ያለው የፋይሉ ክብደትና ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚይዘው ቦታ የተለያዩ ናቸው። 2048 በ2048 የሆነ ምስል ጄፔግ ሆኖ 900 ኪሎ ባይት ሊሆን ይችላል፤ ፒኤንጂ ሆኖ 7 ሜጋ። ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይጨመቅ ሲወጣ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፦ 2048 ሲባዛ 2048፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት፣ 16 ሜጋ። ለሩቅ ዕይታ የሚዘጋጁት ትንንሽ ቅጂዎቹ፣ ሚፕማፖቹ፣ ሢሶ ስለሚጨምሩበት 21 ሜጋ ይጠጋል። እንዲህ ያለ 40 ምስል ካለህ 850 ሜጋ ሄደ ማለት ነው።

የሚያድንህ ዩኒቲ ራሱ የሚያደርገው መጨመቅ ነው። አልፋ (የቱ ነጥብ እንደሚታይና እንደማይታይ የሚናገረው ክፍል) የሌለው ምስል፣ ማለት አፈር፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ዲኤክስቲ 1 የሚባለው የመጨመቂያ ዓይነት ይበቃዋል፤ ከነሚፕማፑ 2.7 ሜጋ ገደማ ይሆናል። አልፋ ያለው፣ ማለት ቅጠልና አጥር፣ ዲኤክስቲ 5፤ 5.3 ሜጋ ገደማ። ያው 40 ምስል ሁሉም አልፋ ቢኖራቸው እንኳ ወደ 213 ሜጋ ወረደ። ዩኒቲ ከየትኛውም ዓይነት ፋይል ተነስቶ ይህንኑ ስለሚያደርግ ጄፔግ ማድረግህ ጥራቱን ከማበላሸትና አልፋውን ከማጥፋት በቀር ጨዋታው ላይ የሚያተርፍልህ ነገር የለም።

መጠኑን ደግሞ እንደ ቅርበቱ ስጠው። ተጫዋቹ ሁልጊዜ አጎንብሶ የሚያየው ፌርዌይና ግሪን 2048 ይገባቸዋል። 200 ሜትር ርቃ የምትታየዋ የእረኛ ጎጆ 512 ያንሳታል? አያንሳትም፤ እንዲያውም ይተርፋታል። ኢምፖርት ሴቲንጉ ላይ «ማክስ ሳይዝ» የሚል አለ፤ ዋናውን ምስል ሳትነካ እዚያ ላይ ብቻ ታወርደዋለህ። ነገ ቢያስቆጭህ መልሰህ ትሰቅለዋለህ።

የመሬቱን ሽፋን በአራት ዓይነት ለመጨረስ ሞክር። ከአራት ካለፈ ዩኒቲ መሬቱን ሁለተኛ ዙር ደግሞ ይቀባዋል፤ ለደካማ ላፕቶፕ ይከብዳል።

ኮሶዬ_ነፋስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12

እኔስ ጥያቄ አለኝ። ዛፎቼ ቀረብ ሲሉ ያምራሉ፤ ራቅ ሲሉ በቅጠሉ ዙሪያ ነጭ መሥመር ይወጣባቸዋል። ጭጋግ የያዛቸው ይመስላሉ። ያነሳኋቸው ክረምት፣ ነጭ ሰማይ ላይ ነው። ጋሼ ዳመና ይሻላል ብለዋል፣ እኔ ግን በዳመናው ነው የተጎዳሁት።

ማራኪ_ግራፊክስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ብርሃኑ ልክ ነው፣ ጋሼም ልክ ናቸው። ጥፋቱ ያለው ሰማዩን ስትቆርጥ ነው።

አንዱን የወይራ ቅጠል 800 በመቶ አጉላና ጠርዙን ተመልከት። ዳር ላይ ያሉት ነጥቦች ሙሉ አረንጓዴ አይደሉም፤ ቅጠልና ሰማይ ተደባልቀውባቸው እንደ አመድ ያሉ ናቸው። ከእነሱ ውጭ ያለው ደግሞ «የማይታይ» ተብሎ ቢሰረዝም ከሥሩ ቀለም አለው፤ ያንተ ነጭ ነው። አልፋው ደበቀው እንጂ አላጠፋውም። ምስሉ ለሩቅ ዕይታ ሲያንስ አራት አራት ነጥብ እየተዳመረ አንድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ነጭ ከቅጠሉ አረንጓዴ ጋር ይደባለቃል። የምታየው መሥመር ይህ ነው።

መፍትሔው ከቅጠሉ ሥር አረንጓዴ ማልበስ ነው። አልፋውን ለብቻው አስቀምጥ። ምስሉን ገልብጠህ ከሥር ሌላ ንብርብር አድርገው፣ ትንሽ አደብዝዘው፣ ደጋግመህ ከላይ እስከ ታች ደራርበው፣ ባዶው ቦታ በሙሉ የቅጠሉን ቀለም እስኪይዝ ድረስ። ከዚያ አልፋውን መልስበት። ስትጨርስ ምስሉ ያለ አልፋ ሲታይ ሰማይ የሚባል አይኖርበትም፣ ሁሉም ወይራ ወይራ ይላል።

ራቅ ሲሉ ቅጠላቸው እየሳሳ የሚሄድብህ ከሆነ ደግሞ ኢምፖርት ሴቲንጉ ላይ ሚፕማፑ የቅጠሉን ሽፋን እንዲጠብቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ አብራው።

ኮሶዬ_ነፋስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡05

ሠራሁት። አምስት ዛፍ ነው የሞከርኩት፣ አምስቱም ጠሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭጋግ ጨምሬ ስሸፍነው የኖርኩት ነገር ነበር።

ለቀሐ_ዳር የኔን ልምድ ላካፍል። እኔ ለየኮርሱ ምስል አላባዛም። አንድ ጎተራ አለኝ፣ ሦስቱም ኮርሶቼ ከእሱ ነው የሚወስዱት። አንድ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ሦስት ቦታ ምን ያደርጋል?

አዘዞ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

በዚህ አልስማማም ወንድሜ። እኔም አንድ ጎተራ ነበረኝ። ለሁለተኛው ኮርሴ የግሪኑን ሣር አሳምሬ በዚያው ስም ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ኮርስ ላርም ስከፍት ግሪኖቹ በሙሉ ተቀይረዋል። ያ ኮርስ የበጋ ነበር፤ ብጫ መሬት መሀል አሥራ ስምንት የክረምት ግሪን ተቀምጦበት አገኘሁት። የድሮውን ሣር ጥሬ ስላላስቀመጥኩ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። እኔ አሁን ለየኮርሱ ለብቻው እገለብጣለሁ፤ ዲስክ ይርከስ፣ ሥራዬ ግን አይነካብኝ።

ኮሶዬ_ነፋስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡15

ያጠፋህ ጎተራው አይደለም፣ ላዩ ላይ ማስቀመጥህ ነው። እኔ ጎተራ የገባን ምስል ዳግመኛ አልነካም። ካሻሻልኩት 04 ተብሎ አዲስ ይገባል፤ 03 ቦታው ላይ ይቆያል። የድሮው ኮርስ 03ን እንደያዘ ይኖራል።

የድሮ_ቀያሽ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡20

ኮሶዬ ያለውን እደግፋለሁ፤ ግን አንድ ጎደሎ አለው። ምስሉ የትኛው ኮርስ ላይ እንዳለ የሚናገር መዝገብ ከሌለ 03ን አንድ ቀን «አላስፈላጊ» ብለህ ትሰርዘዋለህ። ኤክሴል ላይ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። ስሙ፣ የት ቦታ እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው፣ ስንት ሜትር እንደሚሸፍን፣ የትኛው ኮርስ ላይ እንደገባ። «ማን እንዳነሳው» የሚለውን አትዝለሉ። ከኢንተርኔት የወረደ ከሆነ ፈቃዱ ምን እንደሚል በዚያው ረድፍ ይጻፍ። ፖሊ ሄቨን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው ሲሲ ዜሮ፣ ማለት ባለቤቱ መብቱን የተወው ነው፣ እንደልብ ይሠራበታል። ከሰው ገጽ ላይ የተቀዳ የሰርግ ፎቶ ጀርባ ያለች ዛፍ ግን የዚያ ሰው ናት።

ፒያሳ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ስለ ፈቃድ ከተነሳ ልጠይቅ። የክለብ ቤቱ ጣሪያ ላይ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ፊቶች ላደርግ አስቤ ነበር፤ ከኢንተርኔት ጥራት ያለው ፎቶ አግኝቻለሁ። ኮርሱን ደግሞ ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው የማስበው።

ወለቃ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

ፎቶው የአንሺው ነው፣ ያ አንድ። ከዚያ በላይ ግን እነዚያ ፊቶች ሰው ከሥራቸው ቆሞ የሚጸልይባቸው ናቸው። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ከሥራቸው ቢራ የሚጠጣበት ቤት ጣሪያ ላይ ባይወጡ ደስ ይለኛል። እባክህ ተዋቸው። ጎንደርነቱን በግንቡ ድንጋይ አሳየው፤ ጥቁሩ ድንጋይና መሀሉ ያለው ኖራ ሲነካካ የሚፈጥረው መልክ የትም የለም።

የድሮ_ቀያሽ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔም እንደ ወለቃ ነኝ። ስለ ቦታው ግን ልኩን ልንገርህ ልጄ። የፋሲል ግቢ የዙሪያ አጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱም ከሰባት ሄክታር አይበልጥም። 18 ቀዳዳ ሜዳ ሃምሳ ሄክታርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ግንቡን ከሩቅ ከኮረብታ ላይ እንዲታይ አድርገህ ዳራው ላይ አስቀምጠው፤ ለሥራህም ይቀልሃል፣ አንድ ሰፊ ምስል ይበቃሃልና። በፋሲለደስ ዘመን የነበረውን ጎንደር አሳያለሁ ካልክ ደግሞ ባሕር ዛፍ አትትከል፤ እሱ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዋርካ ይበቁሃል።

ፒያሳ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡44

እሺ ጋሼ። ትቼዋለሁ። ወለቃም አመሰግናለሁ።

ቀሐ_ዳር | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስለይ ነበር። ጥሬውን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ አወጣሁ። ፕሮጀክቱ ውስጥ የቀሩት 214 ምስሎች ናቸው። አንዱ የባሕር ዛፍ ቅርፊት በአራት ስም አራት ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ አራት ማቴሪያል ለብቻ ለብቻ ሲጭነው ኖሯል። ኮርሱ አሁን ከሁለት ደቂቃ በታች ይከፈታል። ፍላሽ ላይ የምገለብጠውም ያለ ላይብረሪው ከ19 ጊጋ ወደ 3 ወርዷል።

አንድ ያሳዘነኝ ነገር አለ። ጓደኞቼ በቴሌግራም የላኩልኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ ለሥራ አይሆኑም። እንደ ፎቶ ስለላኩት ቴሌግራም አሳንሶና ጨምቆ ነው ያደረሰልኝ፤ እንደ ፋይል ቢልኩት ኖሮ እንዳለ ይመጣ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ፋሲል መዋኛ አጥሩን ያቀፈው የዋርካ ሥር አለ። 18ኛው ግሪን ጀርባ ያለው ግንብ ላይ እሱን ነው የፈለግሁት። ድጋሚ ላነሳው ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ የሐምሌ ዳመና ግን የለም፣ ፀሐይዋ እሳት ናት።

የድሮ_ቀያሽ | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡35

ዳመና አያስፈልግህም። ዋርካው ራሱ ጥላ አለው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጥላው ሙሉ በሙሉ የወደቀበትን የግንብ ጎን ምረጥ፤ ፀሐይና ጥላ የተቀላቀለበትን ግን ተወው። ከግንቡ ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ቁም፣ ካሜራው አይዘንብል።

አዘዞ_ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡10

አምስት ሜትር የሚዘረጋ የአናጢ ሜትር እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጃንተከል ዋርካ ሥር እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ አብረን እንወርዳለን።